ዳጌሮታይፕ ምንድን ነው? የድሮ ፎቶ ሁሉ አይደለም!

ሰሞኑን የቄስ ሄንሪ ሃይላንድ ጋርኔት ፎቶ እየዞረ ነው። ሰውየው ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት ተወልደው፣ በ1824 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር አምልጠው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባርነትን የታገሉ ናቸው። ከፎቶው ሥር “ብርቅ ዳጌሮታይፕ” ተብሎ ተጽፏል። አይደለም! ጄምስ ስቴድ በ1881 ገደማ ያነሳው የወረቀት ፎቶ ነው። በዚያን ጊዜ ዳጌሮታይፕ ከገበያ ከወጣ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

ይህን ስል አንዱ “ያው የድሮ ፎቶ አይደል? ምን ታካብዳለህ?” አለኝ። ላካብድ እንጂ! በ1839 ፓሪስ ላይ ይፋ የሆነው ዳጌሮታይፕ ነጋቲቭ (ብርሃንና ጥላው የተገለበጠ፣ ቅጂ የሚታተምበት ምስል) የለውም። ብር የተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ካሜራ ውስጥ ይገባል፤ ምስሉ በሜርኩሪ ትነት ይወጣል። ፎቶው ያ ሰሌዳ ራሱ ነው።

እንደ ብራና መጽሐፍ አስቡት። ሁለተኛ ቅጂ ከተፈለገ ጸሐፊው እንደገና ይጽፋል፤ እዚህም ተነሺው እንደገና ካሜራ ፊት ይቀመጣል፣ አለዚያም ሰሌዳው ራሱ እንደገና ፎቶ ይነሳል። ብራና ማኅደር አለው፤ ዳጌሮታይፕም በመስታወት ተሸፍኖ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ብራናን ግን እየገለጡ ያነቡታል። ይሄኛው በጣት ከተነካ ምስሉ ይጠረጋል። በእጃችሁ ካለ እባካችሁ በጨርቅ እንዳትወለውሉት።

የጋርኔት ፎቶ የታተመው የእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ ነው። እንዲህ ያለው ፎቶ ከአንድ ነጋቲቭ የፈለጉትን ያህል ይባዛል። ጸረ ባርነት ሰባኪዋ ሶጆርነር ትሩዝ የራሳቸውን ፎቶ በየስብሰባው እየሸጡ ይተዳደሩ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። በዳጌሮታይፕ ቢሆን ለእያንዳንዱ ገዢ ሌላ ሰሌዳ ሊሠራ ነው! “ብርቅ” የሚለው ቃል የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። የወረቀት ፎቶ ትልቁ ጥቅም ብርቅ አለመሆኑ ነበር።

መለያው ቀላል ነው፤ ሰሌዳውን ዘንበል አድርጉት። ምስሉ አንዴ እንደ ነጋቲቭ ይገለበጣል፣ አንዴ የራሳችሁን ፊት ያሳያችኋል። በስልክ ስክሪን ይህ አይታይም። ደግሞም ዳጌሮታይፕን እንደገና ፎቶ አንስቶ በወረቀት ማባዛት የተለመደ ነበር፤ ስለዚህ የወረቀት ፎቶ ሁሉ በቀጥታ ከሰውየው የተነሳ ነው ማለት አይቻልም። ዳጌሮታይፕ ግራና ቀኝን ይገለብጣል፤ ግን ግራና ቀኙ የተገለበጠ ኮት ስታዩም አትቸኩሉ። ቲንታይፕ የሚባለው የብረት ፎቶም ይገለብጣል፤ አንዳንድ ዳጌሮታይፕ አንሺዎች ደግሞ ሌንሱ ፊት መልክ ማያ መስታወት አድርገው ያቃኑት ነበር።