ቀን በእግር፣ ሌሊት በመኪና፦ የረጅም ርቀት ጭነት ሾፌር በመሃል አዲስ አበባ

የረጅም ርቀት የጭነት መኪና ሾፌር መሃል አዲስ አበባን በሁለት መልኳ ያውቃታል፤ ቀን በእግሩ፣ ሌሊት በመኪናው። ከተማዋ ከባድ ተሽከርካሪ በቀን በመሃል ጎዳናዎቿ እንዳይመላለስ የሰዓት ገደብ ጥላለች። ስለዚህ ጅቡቲ ድረስ ባለ ተሳቢ ይዞ የሚመላለሰው ሰው ለገሃር የሚደርሰው በሚኒባስ ታክሲ፣ በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ ተጠጋግቶ ነው። መኪናው ቃሊቲ ወይም ከዚያ ወዲያ ቆሟል፤ ረዳቱ ካቢና ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል።

የጉዳዩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ሰነድ የሚፈረምበት ቢሮ የሚከፈተው ቀን፣ መንገዱ የሚከፈተው ሌሊት ነው። በሁለቱ መካከል ለእንቅልፍ የተመደበ ሰዓት የለም።

ለገሃር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ማለትም ባቡር ጣቢያ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ ዘመን የባሕር ማዶ ዕቃ መሃል ከተማ ድረስ በባቡር ይመጣ ነበር። ዛሬ ከአሮጌው ጣቢያ ፊት ለፊት የሞዓ አንበሳ ሐውልት ቆሟል እንጂ ጭነት የሚያራግፍ ባቡር የለም። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም መናኸሪያዎቹ ለቡ እና እንዶዴ በተባሉት ሠፈሮች፣ ከመሃል ከተማው ርቀው ነው። የጭነቱ ትልቁ ድርሻ አሁንም በጎማ ላይ ይሄዳል። እስከ 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ድረስ ዋናው ወደብ አሰብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገሪቱ ወጪና ገቢ ንግድ በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ የአንድ አገር ኑሮ በአንድ መንገድ ላይ ተንጠልጥሏል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሾፌሩ ቀን የሚጀምረው በስምሪት ነው። አብዛኞቹ የጭነት መኪኖች በባለንብረቶች ማኅበራት ወይም በድርጅቶች ሥር የተደራጁ ሲሆን፣ ጭነት የሚታደለው በተራ ነው። ተራው እስኪደርስ ድረስ ሰዎቹ ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። ከጎናቸው የማትለይ አንዲት የፕላስቲክ ማኅደር አለች። ውስጧ ሊብሬ፣ የቦሎ ወረቀት፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ድንበር ለሚሻገረው ደግሞ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው ድንበር ተሻጋሪ መድን፣ በላዩ ላይ የጭነቱ ሰነድና ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) የሰጠው ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የጉምሩክ ሰነድ፣ ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ ቀኑ ካለፈ መኪናው አይንቀሳቀስም። ሾፌሩ ከመሪው ይልቅ ይችን ማኅደር ይፈራል ብል የሚቃወመኝ የሙያው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከአዲስ አበባ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ወደብ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሾፌሮች ግን መንገዱን የሚቆጥሩት በከተሞች ስም ነው፦ ሞጆ፣ አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰመራ፣ ዲቾቶ፣ ጋላፊ። 400 ኩንታል የጫነ ባለ ተሳቢ በሰዓት በአማካይ 45 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ መንዳቱ ብቻ 20 ሰዓት ይፈጃል። ይህ በቀን 8 ሰዓት ቢነዳ፣ በወረቀት ላይ የሁለት ቀን ተኩል ሥራ ነው። የቀረውን ቀን የሚበላው መጠበቅ ነው፤ ወደብ ላይ ተራ፣ ኬላ ላይ ፍተሻ፣ ማደያ ላይ የናፍጣ ሰልፍ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚገዛው በቴሌብርና በመሳሰሉት የስልክ ክፍያዎች ስለሆነ፣ ባትሪ ያለቀበት ስልክም እንደ ተነፈሰ ጎማ መንገድ ያስቀራል። የማዳበሪያ መርከብ ወደብ ከገባ ደግሞ ስምሪቱ ሁሉ ወደዚያ ይዞራል፤ ዝናብ ተራ አይጠብቅምና።

የአፋር ሙቀት በቀን 40 ዲግሪን ሲያልፍ አስፋልቱ ይግላል፣ ያረጀ ጎማም ይፈነዳል። ስለዚህ ሾፌሩ ሌሊቱን ይመርጣል። በሌሊት ግን ግመሎች አስፋልት ላይ ይተኛሉ፤ አንዷን መግጨት ከነሕይወት ቢያስተርፍ እንኳ የካሳ ድርድሩ ቀናት ይወስዳል። እንቅልፍን ለማባረር ጫት የሚቅመው ብዙ ነው፤ ምርቃናው ሲለቅ እንቅልፉ ከነወለዱ እንደሚመለስ ግን ሁሉም ያውቃል። በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ አቅጣጫዎች የሾፌሮች እገታ ስለተደጋገመ፣ መሽቶ መንዳት ከእንቅልፍ ሌላ ስጋትም አለው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። ወደብ ላይ ሦስት ቀን ተራ የጠበቀ ሰው ሠርቷል ወይስ አርፏል? በእኔ አስተያየት አድካሚው ይህ ነው። መንዳት ልክ አለው፤ መጠበቅ የለውም። ክፍያውም ቢሆን ከወር ደመወዝ ይልቅ በየጉዞው በሚታሰበው ውሎ አበል ላይ ያመዘነ ስለሆነ፣ የቆመ መኪና የቆመ ኪስ ነው።

መኪናው በተበላሸ ጊዜ መድረሻው ሶማሌ ተራ ነው። ከተክለ ሃይማኖት ወደ መርካቶ በሚወስደው በዚህ ሠፈር የመለዋወጫ ሱቆች ተደርድረዋል፤ ጎማ ለሚፈልግ መርካቶ ውስጥ ጎማ ተራ አለ። ጣሊያን በአምስት ዓመቱ ወረራ ብዙ ነገር አጥፍቶ ሲሄድ ቋንቋውን ጋራዥ ውስጥ ረስቶታል፦ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ኮፋኖ፣ ጎሚስታ። አሮጌውን ፊያት «ኤን ትሬ» የነዱ አዛውንቶች የዛሬውን ቻይና ሠራሽ መኪና ሲያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ኤን ትሬ ግን መሪው እጅ ይገነጥል፣ ካቢናውም እንደ ምጣድ ይግል እንደነበር አይነሡም።

ከሁሉ የሚከብደው የሾፌር ሥራ ግን ማታ መርካቶ ውስጥ ማራገፍ ነው። ሱቆቹ ተዘግተው መኪናው ሲገባ መንገዱ ከመኪናው በጥቂት ክንድ ብቻ ይሰፋል። ረዳቱ ባትሪ ይዞ ከኋላ ይወርድና የተሳቢውን ጎን በመዳፉ እየመታ «ና በለው! ና… ሰበር አድርገው፣ ጋሼ፣ ግራ… በቃ!» ይላል። ሾፌሩ የሚያየው ብርሃኑን፣ የሚያምነው ድምፁን ነው። ወዲያው ጫኝና አውራጆች ይከባሉ፤ ሸራው ከመፈታቱ በፊት የዋጋ ክርክሩ ይጀመራል። ባለንብረቱ በስልክ፣ የቡድኑ አለቃ በአካል ይጮኻሉ፤ ሾፌሩ በመካከል ሆኖ ሰዓቱን ያያል። ከተስማሙ በኋላ ከረጢቱ በጀርባ ይወርዳል፣ አንድ ልጅ በካርቶን ቁራጭ ላይ አምስት አምስት እያሰረ ይቆጥራል። ቆጠራው ከሰነዱ አንድ ካነሰ ጉድለቱ ከሾፌሩ ላይ ሊቆረጥ ይችላልና፣ እንደገና ይቆጠራል።

የበርካታ ሾፌሮች ቤት እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። መርካቶ ሲያራግፍ ቤተሰቡ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተኝቷል፤ ሄዶ ሊያያቸው ግን መኪናውን የሚያቆምበት የለም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ ገደቡ ሳይጀምር መውጣት አለበት። ረዳቱ ሸራውን አጥፎ ሳይጨርስ መኪናው ጎተራን አልፎ በሳሪስ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። እዚያ አቁሞ ማኅደሯን ሲከፍት ማታ ያልተፈረመ አንድ ወረቀት ያገኛል። ፊቱን ከጄሪካን በቀዳው ውኃ ታጥቦ፣ የለገሃር ታክሲ ለመያዝ ይሰለፋል።