ውሃ የማግኘት ሰብአዊ መብት

ውሃ የማግኘት መብት ሲባል ማንኛውም ሰው ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለንጽሕና የሚበቃው፣ ጤናውን የማይጎዳ፣ በቅርብ የሚገኝና ዋጋው ከአቅሙ በላይ ያልሆነ ውሃ እንዲቀርብለት መንግሥትን የመጠየቅ መብት ማለት ነው። መብቱ ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ቢሆንም ከብዙዎቹ መብቶች ዘግይቶ የመጣ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም ሆነ በ1966 የጸደቀው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን ውሃን በስም አይጠሩም። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ በቂ ኑሮንና ጤናን ከሚመለከቱት አንቀጽ 11 እና 12 መብቱ እንደሚመነጭ ያስታወቀው በ2002 ባወጣው 15ኛ አጠቃላይ አስተያየት ነው። ከዚያ ቀደም የሴቶች መብት ስምምነት በ1979 ለገጠር ሴቶች፣ የሕፃናት መብት ስምምነት ደግሞ በ1989 ለሕፃናት ውሃን ጠቅሰው ነበር።

መዘግየቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1992 በደብሊን የተሰበሰቡ የውሃ ባለሙያዎች ውሃ ኢኮኖሚያዊ ዋጋ ያለው ሸቀጥ ሆኖ እንዲታይ የሚል መርሕ አወጡ፤ በዚያው ዘመን በብዙ አገሮች የውሃ አገልግሎት ወደ ግል ኩባንያዎች መተላለፍ ጀመረ። በቦሊቪያዋ የኮቻባምባ ከተማ በ2000 ታሪፍ በድንገት ሲንር ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ከግል ኩባንያው ጋር የተፈረመውን ውል አሰረዘ። ከአሥር ዓመት በኋላ ጉዳዩን ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያቀረበችውም ቦሊቪያ ነበረች። ጉባኤው ሐምሌ 28 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ንጹሕ የመጠጥ ውሃና የአካባቢ ንጽሕና አገልግሎት ሰብአዊ መብት መሆኑን በውሳኔ ቁጥር 64/292 ሲያውቅ 122 አገሮች ደገፉ፣ የተቃወመ አልነበረም፣ 41 አገሮች ግን ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከእነዚህ መካከል አሜሪካ፣ እንግሊዝና ካናዳ ይገኙበታል፤ ኢትዮጵያና ኬንያም አብረው ነበሩ። ኬንያ በሳምንቱ በሕዝበ ውሳኔ ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ግን ንጹሕና በቂ ውሃን የእያንዳንዱ ሰው መብት አድርጋ ደነገገች።

መብት ነው ማለት ውሃ በነጻ ይታደላል ማለት አይደለም። ጉድጓድ ለመቆፈር፣ መስመር ለመዘርጋት፣ ፓምፕ ለመጠገን ገንዘብ ያስፈልጋልና ተጠቃሚው እንዲከፍል ሕጉ አይከለክልም፤ የሚከለክለው የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ያለ ውሃ እንዲቀር ማድረግን ነው። መሠረታዊ ፍላጎትን ለማሟላት ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር እንደሚያስፈልግ፣ የውሃ ነጥቡም ከቤት ከ1 ኪሎ ሜትር እንዳይርቅና ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ የሚሉ መለኪያዎች በሰፊው ይሠራባቸዋል። መብቱ ከመፈክር አልፎ ሰው የሚይዘው ነገር የሚሆነው እንዲህ ባሉ ቁጥሮች ነው፤ ክርክሩም የሚከረው እዚሁ ላይ ነው።

ይህን ከደቡብ አፍሪካ የበለጠ የሚያሳይ የለም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 በቂ ውሃ የማግኘት መብትን በግልጽ ያውቃል፤ ከ2001 ጀምሮም ለአንድ ቤተሰብ በወር 6,000 ሊትር በነጻ እንዲቀርብ ፖሊሲ ወጥቷል። የጆሃንስበርግ ከተማ በሶዌቶ ፊሪ በተባለ ሰፈር የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ሲተክል፣ ነጻው ውሃ ከወሩ ማለቂያ በፊት ያለቀበት ቤተሰብ ካርድ እስኪሞላ ቧንቧው ይዘጋበት ጀመር። በአንድ ግቢ ብዙ ሰው ለሚኖርበት ድሃ ሰፈር ይህ ከባድ ነበር። ነዋሪዎቹ ከስሰው ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2008 ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር እንዲሰጥና ቆጣሪው ሕገወጥ እንዲባል ወሰነላቸው፤ ይግባኝ ሰሚው መጠኑን ወደ 42 ሊትር አወረደው። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ግን በ2009 ሁለቱንም ሽሮ፣ መጠን መወሰን የመንግሥት እንጂ የዳኞች ሥራ አይደለም፣ የከተማውም አሠራር ምክንያታዊ ነው አለ። ዳኞች በጀት አለመመደባቸው እውነት ነው። ሆኖም መብቱ በሕገ መንግሥት በስም ተጽፎ እንኳ ስንት ሊትር እንደሆነ የሚነግረው ዳኛ ካላገኘ፣ የሰፈሩ ነዋሪ ከአቅራቢው ጋር የሚከራከርበት ነጥብ ያጣል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ሁኔታ ደግሞ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ ንጹሕ ውሃን የሚያነሳው መሠረታዊ መብቶች በተዘረዘሩበት በምዕራፍ ሦስት ሳይሆን፣ በምዕራፍ አሥር አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የሚሟላ የፖሊሲ ዓላማ አድርጎ ነው። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ከላይ የተጠቀሰውን ቃል ኪዳን በ1993 እ.ኤ.አ. ተቀብላዋለች፤ በአንቀጽ 9 መሠረት የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ስለሆኑ መብቱ በዚህ በር ገብቷል ብሎ መከራከር ይቻላል፣ እኔም ክርክሩ ጠንካራ ይመስለኛል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት እንዲቀድም ያዛል። በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር፤ በመጀመሪያው ዕቅድ 15 ሊትር በ1.5 ኪሎ ሜትር ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች ግን የሽፋን እንጂ የአገልግሎት ልክ አይደሉም። ቦኖ የተተከለለት ቀበሌ ፓምፑ ተበላሽቶ ወራት ቢቀመጥም በሽፋን ሊቆጠር ይችላል፤ መለዋወጫ የሚገዛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከተጠቃሚው በሚሰበሰብ ሳንቲም የሚተዳደረው የመንደር የውሃ ኮሚቴ ነው። በከተማ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቧንቧ ያለው ሰው ከቦቴ ወይም በጀሪካን ከሚያመላልሱ ነጋዴዎች ይገዛል፣ ለሊትር የሚከፍለውም ከቆጣሪው ታሪፍ ብዙ እጥፍ ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ጉድጓዱ አጠገብ ሆኖ ውሃው የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር የበለጠ ፍሎራይድ ስለሚይዝ የልጆች ጥርስ ይጎዳል፣ ሲብስም አጥንት ይጣመማል። ይህን ሁሉ ሸክም በዋናነት የሚሸከሙት ቀዳጆቹ፣ ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው።

መብቱ ከወንዝ ድርሻ ክርክር ጋር መደባለቁም መታረም አለበት። የመብቱ ባለቤት ግለሰብ ነው፣ የሚመለከተውም የቤት ፍጆታን እንጂ መስኖን አይደለም፤ በዓለም ከሚቀዳው ንጹሕ ውሃ 70 በመቶ ያህሉን የሚወስደው ግብርና ነው። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢታሰብ በዓመት 18 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ለ100 ሚሊዮን ሕዝብም ከ2 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በታች ይሆናል፤ ዓባይ ግን ብቻውን በአማካይ በዓመት ወደ 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ከኢትዮጵያ ድንበር ያሻግራል። ስለዚህ የመጠጥ ውሃ መብትን ጠቅሶ የላይኛው ተፋሰስ አገር እንዳይገነባ መሞገት፣ ወይም የወንዝ ባለቤትነትን ጠቅሶ ለራስ ዜጋ ቦኖ አለመትከልን ማስተባበል፣ ሁለቱም መብቱ ከተሠራበት ዓላማ ውጭ ናቸው።