ሕመም ይዞ የሚማር ልጅ በአዲስ አበባ መሃል ከተማ

ከአራት ኪሎና ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ትምህርት ቤቶች ስኳር፣ አስም ወይም የሚጥል ሕመም ያለበት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ዴስክ ይጋራል። ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ ሆስፒታሎች ቅርብ ናቸው። የሚከብደው ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ ያለው የትምህርት ቀን ነው።

ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ልጅ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል። ምሳው ከዘገየ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ከወጣ ወይም በስፖርት ክፍለ ጊዜ ብዙ ከሮጠ ስኳሩ ይወርዳል፦ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይፈዛል። ፍዘቱን መምህሩ እንደ ስንፍና ቢቆጥረው አይገርምም። ልኬቱ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ሲሆን፣ መዋጥ ለሚችል ትልቅ ልጅ 15 ግራም ያህል ስኳር ተሰጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይደረግም፤ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

የሚጥል ሕመም ሲነሳበት ክብሪት ጭሮ ማሽተት የቆየ ልማድ ነው፤ አይጠቅምም። በጎኑ ማስተኛት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግና ሰዓት መያዝ ይሻላል። 5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ያስፈልጋል።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ተጀምሮ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። መድኃኒቱ ወይም የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ከመንግሥት ተቋም ሲጠፋ ወላጅ ከውጭ መግዛቱ አይቀርም። ትምህርት ቤት የሚገባው የአደጋ መድን እንደ ስብራት ላለ የአደጋ ጉዳት ነው፤ ለቆየ ሕመም አይከፍልም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ጥብቅ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። ወረቀቱ ግን እግር አለው። «ልጄ ታሞ ነው» ያለ ወላጅ የሚያመጣው የሐኪም ማስረጃ ከበር ጥበቃው ወደ ጸሐፊዋ፣ ከጸሐፊዋ ወደ ዩኒት መሪው ሲዞር የሕመሙ ስም አብሮ ይዞራል። አባትየው በመሥሪያ ቤቱ በኩል የጤና መድን ካለውም፣ ሒሳቡን ለማስመለስ የሚያስገባው ደረሰኝ የልጁን ሕመም ለሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ሊነግር ይችላል። ለቀሪ ማስረጃ የእረፍቱ ቀናት ብቻ ቢጻፉ ይበቃል። የሕመሙን ስምና የሚደረገውን እርዳታ የክፍል ኃላፊው፣ የስፖርት መምህሩና አጠገቡ የሚቀመጠው ጓደኛው ቢያውቁ ይረዳል፤ ጓደኛውን መምረጡ ለልጁ ይተው።