የወላጆች የበጎ ፈቃድ መዋጮ ምንድን ነው?

የወላጆች የበጎ ፈቃድ መዋጮ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በተመደበለት በጀት ሊሸፍነው ለማይችለው ወጪ ወላጆች በፈቃዳቸው እንዲሰጡ የሚጠይቀው ገንዘብ፣ ቁሳቁስ ወይም ጉልበት ነው። ከክፍያ የሚለየው ወላጁ ባይሰጥ ልጁ ላይ ምንም የማይደርስ በመሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በነፃ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ የወረዳው የትምህርት በጀት በአብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ስለሚውል፣ ለጠመኔ፣ ለተሰበረ ዴስክ ማስጠገኛና ለጥበቃ ሠራተኛ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ በተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር አማካይነት ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር እየተሰላ ይሰጥ የነበረው ድጎማም ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ አልደፈነውም። ስለዚህ በገጠር ድንጋይና አሸዋ በማቅረብ፣ በከተማ ደግሞ በአመዛኙ በጥሬ ገንዘብ የሚዋጣው የወላጆች ድርሻ ብዙ የመማሪያ ክፍሎችን አቁሟል፤ ይህን ማስተባበል አይቻልም። ትምህርት ቤቶችን ለማሻሻል በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄም የተመሠረተው በዚሁ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ላይ ነው።

ችግሩ ያለው በአሰባሰቡ ላይ ነው። እንደ ወጉ ርእሰ መምህሩ ዕቅዱን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ ማለትም ለወተመህ፣ ያቀርባል፤ ከዚያም ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ለእያንዳንዱ ወላጅ እኩል የሆነ መጠን እጅ በማውጣት በድምፅ ብልጫ ይወሰናል። የገበያ ቀኗን ትታ ለስብሰባ መምጣት ያልቻለች ጉልት ቸርቻሪ በሌለችበት የተቆረጠውን ብር የምትሰማው ልጇን ለማስመዝገብ ስትመጣ፣ መዝጋቢው «የመዋጮውን ደረሰኝ ይዘሻል?» ሲላት ነው። ጉባኤው ምንም ያህል በሙሉ ድምፅ ቢወስን፣ ምዝገባ በደረሰኝ ላይ ከተንጠለጠለ የተጠየቀው ክፍያ እንጂ መዋጮ አይደለም። ወላጆቻቸው ያልከፈሉ ተማሪዎችን ስም በክፍል ውስጥ ማንበብም፣ ማንም ከትምህርት ገበታው ባይባረርም፣ ያው ማስገደድ ነው።

በዚህ ረገድ የእንግሊዝ ሕግ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የትምህርት ሕግ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች መዋጮ እንዳይጠይቁ አይከለክልም፤ ነገር ግን ጥያቄው የመክፈል ግዴታ አለመኖሩንና የወላጁ መስጠት ወይም አለመስጠት በተማሪው አያያዝ ላይ ልዩነት እንደማያመጣ በግልጽ እንዲናገር ያዛል። በዚህም መሠረት ትምህርት ቤቱ ለአንድ የጉብኝት ጉዞ በቂ ገንዘብ ካላገኘ ጉዞውን ይሰርዛል እንጂ ያልከፈለውን ልጅ ለይቶ አያስቀርም።

በእኛም ዘንድ መዋጮ የተጠየቀ ወላጅ ገንዘቡ ለየትኛው ሥራ እንደሚውልና መጠኑን ማን እንደወሰነ ሊጠይቅ ይገባዋል። ሲከፍል ሕጋዊ የገቢ ደረሰኝ መቀበል፣ በዓመቱ መጨረሻም የወጪ ሪፖርት ለጉባኤ እንዲቀርብ መጠየቅ አለበት። መክፈል የማይችል ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ለወተመህ አስታውቆ በጉልበቱ ሊያግዝ ይችላል፤ የልጁ ምዝገባ ግን ይህን ሁሉ መጠበቅ የለበትም።