ሞተር «ውሃ ጠጣ» ማለት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ወንድም ስፖርት መኪናው ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) እየጎደለበት ተቸግሮ ምክር ጠየቀ። አንዱ ወዲያው መለሰለት። «መሬት ላይ ጠብታ ከሌለ ሞተሩ ጠጥቶታል። የቴስታ ጋስኬት ተቃጥሏል። ሞተሩ ይውረድ።» (ቴስታ ጋስኬት ማለት በሞተሩ ብሎክና በላዩ ባለው ቴስታ መሀል ያለው ማኅተም ነው።) ይቺን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት! በእሷ ሰበብ ያለ ጥፋቱ የወረደ ሞተርም በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ «ጠጣ» በምትለዋ ቃል ላይ እንነጋገር።

«ዘይት ይበላል» ሲባል ልክ ነው። ዘይት በፒስተን ቀለበትና በቫልቭ በኩል ትንሽ ትንሽ እየገባ ይቃጠላል። ጤነኛ ሞተርም በመጠኑ ያደርገዋል። ኩላንት ግን እንደዚያ አይደለም። ዙሩ ዝግ ነው። ዕቁብ በሉት። የዕቁብ ብር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል እንጂ በመሀል የሚያልቅ ነገር የለውም። ኩላንትም ከሞተሩ ሙቀት ተቀብሎ ለራዲያተሩ ያስረክባል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና ይቀበላል። ከጎደለ በአንዱ በኩል ወጥቷል። (በዓመታት ውስጥ በጎማ ቱቦና በክዳን በኩል በጣም ጥቂት ይተናል። በየወሩ ግማሽ ሊትር መጨመር ግን ትነት አይባልም።)

የዕቁብ ብር ሲጎድል ጣት የሚቀሰረው መጀመሪያ ዳኛው ላይ ነው። ቴስታ ጋስኬት የኩላንት ዙር ዳኛ ሆኖብናል። አባላቱን ማን ቆጠረ? ራዲያተሩ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ቱቦዎቹ፣ ማጠራቀሚያው፣ ክዳኑ፣ የካቢን ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር፣ ሁሉም ብሩ በእጃቸው ያልፋል። ስፖርት መኪና ላይ ደግሞ አባላቱ ብዙ ናቸው፣ ተራርቀውም ነው የሚኖሩት። ፖርሸ 911ን እንውሰድ። ሞተሩ እስከ እ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአየር ነበር የሚቀዘቅዘው። 996 የሚባለው ሞዴል ሲመጣ ወደ ውሃ ዞረ። ሞተሩ ከኋላ፣ ራዲያተሮቹ ከፊት ከባምፐሩ ጥግና ጥግ። ኩላንቱ የመኪናውን ቁመት ሙሉ በሆድ በኩል ይመላለሳል። የሚይዘውም ከ20 ሊትር በላይ ነው፤ የአንድ አነስተኛ የቤት መኪና ሦስት እጥፍ ያህል። የፊት አየር ማስገቢያው ውስጥ ቅጠል ይጠራቀማል። እርጥብ ቅጠል ከራዲያተሩ ጋር ተጣብቆ ሲከርም ብረቱን ይበላዋል። የፊት ባምፐር ሳይፈታ ይህን ማየት ያስቸግራል። ባምፐር ለመፍታት የሰነፈ ሰው ግን ሞተር ለማውረድ አይሰንፍም፤ ይህ ነው የሚያናድደኝ።

ወደዚያች «መሬት ላይ ጠብታ ከሌለ» ወደምትለው ልመለስ። የምሠራው ቨርጂኒያ ነው። አንድ አባት ሞተሩ ከኋላ የሆነ ስፖርት መኪና ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ሞተሩ ውሃ ይጠጣል ብለውኛል» አሉኝ። ሌላ ቦታ ሞተሩ ይውረድ ተብለው፣ ዋጋውን ሰምተው እንቅልፍ አጥተዋል። «ጋሼ፣ እስቲ መኪናውን ለዛሬ ይተዉልኝ» አልኳቸው።

ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ ጌጅ ያለውን የእጅ ፓምፕ ማጠራቀሚያው አፍ ላይ ገጠምኩ። ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ሞላሁት። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ውጪ ምንም የለም፣ እንግዲህ ውስጥ ነው» ይላል። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። በቅዝቃዜ ብቻ የሚያፈስ አለ፤ ብረቱ ሲሞቅ ተለጥጦ ይዘጋዋል። በሙቀት ብቻ የሚያፈስም አለ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይፈተናል።

መኪናውን ነድቼ አሞቅኩት። ሊፍት ላይ ሰቅዬ ባትሪ አብርቼ ጠበቅኩ። ከፕላስቲኩ ማጠራቀሚያ ስፌት ላይ፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አጠገብ፣ አንዲት ጠብታ አበጠች። ወረደች። የጭስ ማውጫው ላይ አረፈች። ጭስ አለች፣ ጠፋች። መሬት አልደረሰችም። ጠብታዋ የምታርፍበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ፣ የደረቀ ጨው የመሰለ ቅርፊት ነበር። አፍንጫዬን ሳስጠጋ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። ሞተሩ የጠጣው ነገር አልነበረም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልረሳው። ያ በኩላንቱ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ሽታ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው። ውሻና ድመት ጣፍጧቸው ይልሱታል፣ ይሞታሉ። የፈሰሰውን አጥባችሁ አድርቁ። ሞተሩ ትኩስ እያለም ክዳን አትክፈቱ። ስርዓቱ ግፊት ውስጥ ስለሆነ ኩላንቱ ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖም ላይፈላ ይችላል። ክዳኑ በተነሳ ቅጽበት ግን ገንፍሎ ፊት ያቃጥላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ደግሞ ተራ ውሃ ገና 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ክዳኑ የደከመ መኪና እዚያ ቶሎ ገንፍሎ ቢያስቸግር የቴስታ ጥፋት አይደለም። ክዳን ርካሽ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ፈትሹ።

የጎደለ መስሎ ያልጎደለም አለ። 20 ሊትር ኩላንት ከቀዝቃዛ ተነስቶ 90 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ያብጣል። ሰኞ በትኩሱ አይቶ ረቡዕ በቀዝቃዛው የለካ ሰው «ጠፋ» ቢል አይገርምም። ልኬት ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ሞተር፣ ሜዳ ላይ ነው። (ዕቁቡ እዚህ ላይ አይሠራልኝም። ብር ሲሞቅ አያብጥም።) ሌላው አየር ነው። ቱቦው ረጅም የሆነ መኪና ላይ ኩላንት ከተቀየረ በኋላ አየር መሀል ላይ ይቀራል። ባዶ ፖስታ ያስገባ የዕቁብ አባል ማለት ነው፤ ቆጠራው ላይ ሙሉ ይመስላል፣ ፖስታው ሲከፈት ይጎድላል። አየሩ ሲወጣ ማጠራቀሚያው ዝቅ ይላል። አንዴ ሁለቴ መጨመር ያለ ነው። አየሩን በቫኪዩም ስቦ የሚሞላ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ከተገኘ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

«ነጭ ጭስስ?» ይለኛል ያ መካሪ። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 1 ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል። በብርድ ጠዋት በጭስ ማውጫው የምታዩት እሱ ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ያኔ እንጠርጥር። «የዘይት ክዳኑ ስር ወተት የመሰለ ነገርስ?» በክረምት አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ላይ እርጥበቱ ነው። ዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) አውጥታችሁ ዘይቱን እዩ። ዘይቱና ኩላንቱ በእርግጥ ተቀላቅለው ቢገኙ እንኳ ብዙ ስፖርት መኪና ዘይቱን በኩላንት የሚያቀዘቅዝ ክፍል አለው። የእሱ ማኅተም ሲበላሽም ሁለቱ ይገናኛሉ።

ቴስታ ጋስኬት ይቃጠላል፤ አልክድም። ግን ምልክት አለው። በቀዝቃዛው ተነስቶ ገና በደቂቃዎች ውስጥ ቱቦው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ማጠራቀሚያው ውስጥ አረፋ አያቋርጥም። ካንዴላዎቹ ሲፈቱ አንዱ ብቻ በእንፋሎት የታጠበ ይመስል ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መመርመሪያም አለ። ማጠራቀሚያው አፍ ላይ ተደርጎ ከኩላንቱ በላይ ያለውን አየር ይስባል፤ የተቃጠለ ጋዝ ካገኘ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ፈሳሹ ያረጀ እንዳይሆን፣ ኩላንትም ወደ ውስጥ እንዳይሳብ መጠንቀቅ ነው። ትንሽ ቀዳዳ ሞተሩ ሲጫን ብቻ ስለምትከፈት መኪናው ተነድቶ ሲመጣ ምርመራውን መድገም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ቢበዛ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለውን ፈሳሽ ሳትመረምሩ አታፍሱ። የማሞቂያውን ራዲያተር ቀጫጭን ቱቦዎች አብሮ ይደፍናል።

የጋሼን ማጠራቀሚያ ቀየርኩ፣ አየሩን አስወጣሁ። ቀዝቃዛው መጠን ላይ ሰማያዊ ቴፕ ለጠፍኩ። «ጠዋት ጠዋት ሳያስነሱ ይዩልኝ» አልኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት ደወሉ። «ልጄ፣ ቴፕህ ላይ ነው» አሉኝ።