አንድም ቀን ሳያሸንፉ ቱር ደ ፍራንስን መውሰድ

ጎንደር ፒያሳ፣ ማኪያቶ ይዘን የብስክሌት ውድድሩን ቱር ደ ፍራንስን ስናይ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ዛሬ ያሸነፈው ሌላ፣ ቢጫ ማሊያ የለበሰው ሌላ። እንዴት ነው ነገሩ?»

ነገሩ የድምር ነው። የ21ዱ ቀን ውድድር ሰዓት ይደመራል፤ ትንሹን ሰዓት የያዘ ቢጫውን ይለብሳል። አሜሪካዊው ግሬግ ሌመንድ እ.ኤ.አ. በ1990 አንድም ቀን አንደኛ ሳይወጣ ቱሩን ወስዷል! በ1989ማ ሦስት ሳምንት ተጋልቦ ያሸነፈው በ8 ሰከንድ ብቻ ነበር።

ደግሞ ተያይዘው በአንድ መንጋ የገቡ ሁሉ እኩል ሰዓት ይያዝላቸዋል። ቢበዛ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለወጡት ጥቂት ሰከንድ ጉርሻ ቢቀነስላቸው ነው።

አረንጓዴው ማሊያ ግን በነጥብ ነው። የጎረቤታችን የኤርትራው ልጅ ቢኒያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 ሦስት ቀን አሸንፎ እሱን ወሰደ። በሰዓት ድምር ግን ከመሪዎቹ በጣም ርቆ ነበር።