ናቼዝ፦ ስለ ወንዝ ዳሯ ከተማ የሚባለውና እውነታው

ዲሲ ወይም አትላንታ ኪራይ ያንገሸገሸው ሐበሻ ሁሉ አንድ ሌሊት ስልኩን ይዞ የትንንሽ ከተሞችን የቤት ዋጋ ያያል። ደቡብ ላይ ሲደርስ ናቼዝ ትመጣለች። ሚሲሲፒ ግዛት፣ እዚያው ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ። በ2020 ቆጠራ ነዋሪዋ 14,520 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ እሷና ስለ መሰሎቿ ከሚወራው ብዙው ግን መታረም አለበት።

«ወንዝ ዳር መኖር በጎርፍ መወሰድ ነው»

ለብዙ ከተማ እውነት ነው። ናቼዝ ግን የተቆረቆረችው ከወንዙ 60 ሜትር ያህል ከፍ ባለ አፋፍ ላይ ነው። በ2011 ውሃው 62 ጫማ ገደማ ደርሶ ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ከማዶ ያለችው የሉዊዚያናዋ ቪዴሊያ የወንዝ ዳር ሕንፃዎቿን በአሸዋ አጥር ከብባ ስትጨነቅ ነበር። ናቼዝ ውስጥ የሰጋችው ከአፋፉ ሥር ያለችው ቁራጭ ሰፈር ናት። ከላይ ያለው ሰው ቆሞ ያያል።

የናቼዝ ጣጣ አፈሩ ነው። አፋፉ ጥንት ነፋስ ያከማቸው ደቃቅ አፈር ስለሆነ፣ ዝናብ ሲጠግብ ይናዳል። ጠርዝ ላይ ቤት የምትገዙ ከሆነ ከውሃው በፊት ስለ መሬቱ ጠይቁ።

«ወንዙ መዝናኛ ነው»

አይዋኙበትም። ቡናማ ነው፣ ግንድ ይዞ ይመጣል፣ ከላይ የተኛ መስሎ ከሥር ይጎትታል። ይሄ ወንዝ መንገድ ነው።

ወደ ማታ አፋፉ ላይ ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ቁጭ በሉ። ፀሐይዋ ሉዊዚያና ላይ ትጠልቃለች። መጀመሪያ የሞተር ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ባርጆቹ ይመጣሉ፣ ጎን ለጎንና ፊትና ኋላ በሽቦ ገመድ የታሰሩ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎች። የሚጎትታቸውን ከፊት ትፈልጋላችሁ፤ የለም። ከኋላ አንዲት ጀልባ ናት የምትገፋቸው። አንዱ ባርጅ 1,500 ቶን ያህል ይጭናል። ትራክ የሚነዳ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት፣ ወደ 60 ትራክ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን 30 እና ከዚያ በላይ አንድ ላይ አስረው የሚገፉ አሉ። ድልድዩ ሥር አልፈው ከዓይን እስኪጠፉ ቡናችሁ ይቀዘቅዛል። የከተማዋ ውበት የቱ ነው ብትሉኝ ይሄን ነው የምለው።

«ትልልቆቹ ቤቶች የደጉ ዘመን ትዝታ ናቸው»

ይሄ አመለካከት ለረጅም ጊዜ ተሽጧል። በ1932 በተጀመረው የፀደይ የቤቶች ጉብኝት፣ ሴቶች እንደ ድሮው ሰፋፊ ቀሚስ ለብሰው እንግዳ ይቀበሉ ነበር። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከጥጥ። ጥጡን ማን ለቀመው? በባርነት የተያዙ ሰዎች። ፎርክስ ኦቭ ዘ ሮድ የሚባለው መገናኛ፣ ከኒው ኦርሊንስ ቀጥሎ በዚያ አካባቢ ትልቁ ሰው የሚሸጥበት ገበያ ነበር።

ቤቶቹ ከእርስ በርስ ጦርነቱ የተረፉትም በተአምር አይደለም። ከተማዋ በ1862 ለሰሜኑ ጦር ሳትዋጋ እጅ ሰጠች። ሎንግዉድ የሚባለው ባለ ስምንት ማዕዘን ቤት ግን ሳያልቅ ቀረ። ጦርነቱ በ1861 ሲፈነዳ ከሰሜን የመጡት ባለሙያዎች ሥራውን ጥለው ሄዱ። ከታሰቡት 32 ክፍሎች ያለቁት 9 ብቻ ናቸው። ፎቁ ዛሬም ባዶ ጡብና እንጨት ነው።

ደግሞ ዊሊያም ጆንሰን አለ። ከባርነት ነፃ የወጣ ጥቁር ፀጉር አስተካካይ። ከ1835 ጀምሮ በ1851 እስከተገደለበት ጊዜ ድረስ የከተማውን ሐሜት፣ ብድርና ጠብ በማስታወሻው መዝግቧል። እሱ ራሱም በባርነት የያዛቸው ሰዎች ነበሩት። ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው። ናቼዝ ሄዳችሁ አንድ ቤት ብቻ የምታዩ ከሆነ የእሱን እዩ።

«ቤቱ ርካሽ ነው፣ ስለዚህ ኑሮው ርካሽ ነው»

ቤቱ እውነትም ርካሽ ነው። ከዚያ ምስጡ ይመጣል። እርጥበቱ እንጨቱን ይበላዋል፣ ኤሲው በበጋ አያርፍም፣ ቅርስ በሚጠበቅበት ሰፈር ደግሞ የቤታችሁን የውጭ መልክ ለመቀየር ፈቃድ ትጠይቃላችሁ። የመንገደኛ አውሮፕላን ለማግኘት ባተን ሩዥ ወይም ጃክሰን ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል እና ከዚያ በላይ መንዳት ነው። ዋናው ግን ሥራው ነው። ትልቁ የወረቀት ፋብሪካ በ2003 ተዘግቷል። ሥራችሁ ላፕቶፕ ላይ ካልሆነ መጀመሪያ ሥራ ፈልጉ፣ ከዚያ ቤት።

«የሞተች ከተማ ናት»

ሰው ቀንሷል፣ አይካድም። በ1960 ወደ 24,000 ነዋሪ ነበራት። ግን በጥቅምት፣ ሰው ይዘው የሚበሩት የሙቅ አየር ፊኛዎች ፌስቲቫል ሲደርስ ማረፊያ ፈልጉና እዩ።

«እዚያ እንጀራ የለም»

ይሄኛው እንኳ እውነት ነው ማለት ይቻላል። የሐበሻ ምግብ ቤት ካማራችሁ ኒው ኦርሊንስ ድረስ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ጤፉን በፖስታ አስልኩና ራሳችሁ ጋግሩ። በዚያ የሐምሌ ሙቀት ሊጡ እንደሆነ ሳትጠብቁት ይቦካላችኋል።